በቃል ቅብብል ጨዋታ የሚነሡ የደንብ ክርክሮችና የፈታንባቸው መንገዶች

በኢንተርኔት የቃላት ጨዋታ የሚያጫውት ሰው አስቀድሞ ሊያውቀው የሚገባ ነገር ቢኖር፣ ተጫዋቾች በአብዛኛው የሚጣሉት በቃሉ ሳይሆን በውሳኔው መሆኑ ነው። አንድ ቃል አለ ወይስ የለም የሚለው ጥያቄ መዝገበ ቃላት ተገልጦ ወዲያው ሊመለስ ይችላል፤ «ይህ ቃል እንደማይፈቀድ ከመጻፌ በፊት ማን ነገረኝ?» ለሚለው ግን ቀድሞ የተጻፈ ደንብ ከሌለ መልስ አይገኝለትም። እኔ በአንድ የቴሌግራም ቡድን ውስጥ በአማርኛ የቃል ቅብብል አጫውታለሁ፣ እዳኛለሁም። የትኞቹ ክርክሮች ተደጋግመው እንደሚመጡ፣ የትኛው ደንብ እንደሠራልንና የትኛው ነገሩን እንዳባባሰው እዚህ የጻፍሁት፣ ተመሳሳይ ጨዋታ የሚመሩ ሰዎች ከባዶ እንዳይጀምሩ በማሰብ ነው።

ጨዋታው ሲነገር ቀላል ነው። አንዱ ቃል ይጽፋል፤ ተከታዩ ያ ቃል ባለቀበት ፊደል የሚጀምር ሌላ ቃል በተወሰነለት ጊዜ ውስጥ ይጽፋል፤ የተባለ ቃል አይደገምም። እያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ዕድል አለው፤ ጊዜው ያለፈበት ወይም የማይፈቀድ ቃል የጻፈ አንዱን ዕድል ያጣል፤ ሦስቱንም የጨረሰ ይወጣል። «ሰላም» ያለ ሰው ለተከታዩ «ም»ን ያስረክባል፤ ተከታዩ «ምድር» ቢል «ር» ይተላለፋል፤ «ርግብ» ሲባል ደግሞ «ብ» ይቀጥላል። በዚህ አገላለጽ ውስጥ ለክርክር የሚሆን ቀዳዳ ያለ አይመስልም። ይሁን እንጂ ቃል የምንለው ምን እንደሆነ፣ ፊደል ስንል መልኩን ነው ወይስ ድምፁን፣ መድገም የሚባለውም የቱ እንደሆነ አልተነገረም፤ ክርክሩ ሁሉ የሚፈልቀው ካልተነገረው ነው።

ከሁሉ ይበልጥ ያከራከረን «ኛ» የሚለው ፊደል ነው። አንድ ምሽት ጨዋታው ወደ ማለቂያው ተቃርቦ «ዝናብ»፣ «ብርሃን»፣ «ንጋት» እየተባለ ሲሄድ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው አንድ አንጋፋ ተጫዋች «ትዕግሥተኛ» ብለው ጻፉ። ተራው የደረሳት ወጣት አንድ ዕድል ብቻ ነበር የቀራት። ሰዓቱ እየቆጠረ «ጋሼ፣ በ‹ኛ› የሚጀምር ምን ቃል አለ? እርስዎ ቢሆኑ ምን ይሉ ነበር?» ብላ ጠየቀች። እርሳቸውም «ልጄ፣ በ‹ት› ጀምር ተባልሁ፣ በ‹ት› ጀመርሁ፤ የቀረው ያንቺ ተራ ነው» ብለው መለሱ። ጊዜዋ አለቀና ወጣች። ቡድኑም ወዲያው ለሁለት ተከፈለ፤ ግማሹ ቃሉ ትክክለኛ አማርኛ ነው አለ፣ ግማሹ ደግሞ መልስ የሌለው ጥያቄ መጠየቅ ጨዋታ አይባልም አለ።

ሁለቱም ወገኖች ያሉት ትክክል ነበር። በጊዜው የነበረን ደንብ «ኛ»ን አይከለክልም ነበርና ጋሼ የጣሱት ነገር የለም፤ ወጣቷም በአማርኛ በዚያ ፊደል የሚጀምር ለጨዋታ የሚሆን ቃል ልታገኝ አትችልም ነበር። ውጤቱ ተሰርዞ ዙሩ እንዲደገም አጥብቀው የጠየቁ ነበሩ። እኔ ግን ውጤቱ እንዳለ እንዲጸና፣ «ኛ»ን የሚመለከት ደንብም ከተከታዩ ዙር ጀምሮ እንዲሠራ ወሰንሁ። አንድ ጊዜ ያለቀ ውጤት በኋላ በወጣ ደንብ ከተሰረዘ፣ ከዚያ ወዲያ የተሸነፈ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስበው ቃል ሳይሆን አቤቱታ ይሆናል። ወጣቷ ውሳኔውን በቀላሉ አልተቀበለችም፤ ሆኖም ቆይቶ ይኸው መርሕ ለእርሷ የሚጠቅምበት ክርክር በመጣ ጊዜ ያው ሚዛን እንደ ተሠራበት አይታለች፣ ዛሬም አብራን ትጫወታለች።

የ«ኛ» ዓይነት ችግር የአማርኛ ብቻ አይደለም። ጃፓኖች ሺሪቶሪ የሚሉት ተመሳሳይ ጨዋታ አላቸው፤ በቋንቋቸው በ«ን» ድምፅ የሚጀምር ቃል የለም ማለት ስለሚቻል፣ በዚያ ድምፅ የሚያልቅ ቃል የተናገረ ሰው ራሱ ይሸነፋል። እኛም መጀመሪያ የሞከርነው ይህንኑ ነበር፤ ለአማርኛ ግን አልተስማማም። «ሠራተኛ»፣ «እውነተኛ»፣ «በሽተኛ»፣ «መንገደኛ» እያለ በ«ኛ» የሚያልቀው ቃላችን እጅግ ብዙ በመሆኑ፣ አዲስ የገባ ተጫዋች ገና ጨዋታውን ሳይለምድ ራሱን ያስወጣ ነበር። ስለዚህ ሌላ መንገድ ፈለግን፦ በ«ኘ» ቤት ያለቀ ቃል ሲመጣ ተከታዩ በ«ነ» ቤት አቻውን ይዞ ይቀጥላል፤ ከ«ኛ» ወደ «ና»፣ ከ«ኝ» ወደ «ን» ማለት ነው። «ትዕግሥተኛ» ከተባለ «ናፍቆት» ወይም «ናዳ» ብሎ መቀጠል ይቻላል። ይህ ደንብ ከተጻፈ ወዲህ በ«ኛ» ምክንያት የተነሣ ጠብ አላስታውስም።

ሁለተኛው ትልቅ የክርክር ምንጭ ሞክሼ ፊደላት ናቸው። ይህ ነገር ሰፊ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። በአማርኛ «ሀ»፣ «ሐ»ና «ኀ» በአነባበብ አንድ ናቸው፤ «ሰ»ና «ሠ»፣ «አ»ና «ዐ»፣ «ጸ»ና «ፀ»ም እንደዚሁ። በዚህ ላይ «ሀ»ና «ሃ»፣ «አ»ና «ኣ» በድምፅ አይለዩም። ለኮምፒውተር ግን እያንዳንዱ ሆሄ ዩኒኮድ በተባለው የፊደላት መለያ ሥርዓት የየራሱ ቁጥር ያለው የተለየ ምልክት ነው፤ ሞክሼ መሆናቸውን ካልነገሩት በስተቀር አያውቅም። አንድ ተጫዋች «ውሃ» ብሎ ሲጽፍ ተከታይዋ «ሐኪም» ብላ ቀጠለች፤ ጨዋታውን የሚቆጣጠረው ቦት (በቡድኑ ውስጥ በራሱ የሚሠራ ፕሮግራም) ግን «በ‹ሃ› አልጀመርሽም» ብሎ ዕድል ቀነሰባት። ቃሉን ሌላ ሰው «ውኃ»፣ ሌላው ደግሞ «ውሀ» ብሎ ሊጽፈው ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ ቦቱ የሚጠብቀው ፊደል ይለወጣል ማለት ነው። የተጫዋቿ ዕጣ በዕውቀቷ ሳይሆን ከእርሷ በፊት የጻፈው ሰው የትኛውን ሆሄ በመንካቱ ሊወሰን አይገባም።

እኛ የያዝነው ደንብ፣ በድምፅ አንድ የሆኑ ፊደላት ለጨዋታው እንደ አንድ ይቆጠራሉ የሚል ነው። ይህ ለመቀጠልም ለመደጋገምም ይሠራል፤ «ፀሐይ» ከተባለ በኋላ «ጸሀይ» ብሎ መጻፍ ድጋሚ ነው። ደንቡን የተቃወሙ አንድ በግእዝ የተማሩ አባት «ሠረቀ ማለት ወጣ፣ በራ ነው፤ ሰረቀ ማለት ደግሞ የሰው ንብረት ወሰደ ነው፤ እንዴት አንድ ይሆናሉ?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ተገቢ ነው፤ ፊደላቱ በግእዝ የትርጉም ልዩነት እንዳላቸው አውቃለሁ፣ በመጽሐፍም ቢጠበቅ ደስ ይለኛል። ነገር ግን በስልክ፣ በሰከንዶች ውስጥ፣ ትምህርቱ የተለያየ ሰው በሚጽፍበት ጨዋታ ይህን ልዩነት ማስገደድ ውድድሩን ከቃል ዕውቀት ወደ ሆሄ ፈተና ይለውጠዋል። ለእርሳቸው የሰጠሁት መልስ ይኸው ነበር። በሌላ ቀን ሞክሼ ፊደላትን በጥንቃቄ መጠበቅ ግዴታ የሚሆንበት የተለየ ዙር እንዲያዘጋጁልን ለመንናቸው፤ ያ ዙር አሁን የራሱ ወዳጆች አሉት። «ሀገር»ና «አገር»ን በተመለከተ ደግሞ፣ ድምፃቸው ቢለያይም አንድ ቃል ስለሆኑ አንዱ ከተባለ ሌላው አይፈቀድም። «ጠዋት»ና «ጧት»ም በዚሁ ይታያሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ቃል ስንል ምን ማለታችን እንደሆነ የመወሰን ጉዳይ ነው። የአማርኛ ግሥ ባለቤቱን፣ ተሳቢውንና አሉታውን በአንድ ቃል ሊሸከም ይችላል፤ «አልነገረችኝም» ሙሉ ዐረፍተ ነገር ነው፣ ሲጻፍ ግን አንድ ቃል ነው። ይህን የፈቀደ አጫዋች ጨዋታው ማለቂያ እንደማይኖረው ይወቅ፤ «ነ» በደረሰ ቁጥር «ነገረ»፣ «ነገረች»፣ «ነገረችው»፣ «ነገረቻቸው» እየተባለ በአንድ ግሥ ብቻ ሰንሰለቱን ማስረዘም ይቻላል። በስም ላይ የሚጫኑትም እንዲሁ ናቸው፦ «የቤት»፣ «በቤቱ»፣ «ቤቶቻችን»። ደንባችን ስም ያለ ቅጥያ፣ ግሥ ደግሞ በኃላፊ ጊዜ በሦስተኛ መደብ ነጠላ ወንድ፣ መዝገበ ቃላት በሚያስቀምጠው መልክ ብቻ እንዲጻፍ ያዝዛል። ቅጥያ መከልከሉ ሌላም ጥቅም አለው፤ «ቤቷ»፣ «ልጇ» እየተባለ ተከታዩን የሚያስጨንቁት እንግዳ መድረሻዎች በአብዛኛው ከቅጥያ የሚመጡ ናቸውና አብረው ይወገዳሉ።

እዚህ ላይ ንዑስ አንቀጽን ለብቻው ማየት ያስፈልጋል። የአማርኛ ግሥ ሁሉ ማለት ይቻላል «መሄድ»፣ «መብላት»፣ «ማድረግ» እያለ በ«መ» ወይም በ«ማ» የሚጀምር ንዑስ አንቀጽ አለው። ይህ ከተፈቀደ «መ» የደረሰው ሰው በጭራሽ አይሸነፍም፤ ይህን የተረዳ ብልህ ተጫዋችም ባላጋራውን ሲያስጨንቅ ቆይቶ ራሱ ግን ሁልጊዜ ከ«መ» መጠጊያ ያገኛል። አንዳንድ ቡድኖች ሙሉ በሙሉ ይከለክሉታል። እኛ በአንድ ዙር ለእያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ንዑስ አንቀጽ እንፈቅዳለን፤ ይህም መቼ እንደሚጠቀምበት ማሰብን ስለሚጠይቅ ጨዋታውን ጣዕም ሰጥቶታል ብዬ አምናለሁ።

በመደጋገም ላይ የሚነሣው ክርክር ከጽሕፈታችን ጠባይ የሚመጣ ነው። መጥበቅና መላላት በፊደላችን አይታይም፤ «ዋና» ሲላላ በውኃ ላይ የሚደረገው ነው፣ ሲጠብቅ ደግሞ ዐቢይ ማለት ነው። «ገና»ም እንዲሁ ሲላላና ሲጠብቅ ሁለት ቃል ነው። አንዱ የጻፈውን ሌላው «እኔ ያልሁት ሌላኛውን ነው» ብሎ ሲደግመው ምን ይደረግ? ሐሳቡ ትክክል ቢሆንም ልብ ያሰበውን የሚያይ ዳኛ ስለሌለ፣ በጽሑፍ አንድ የሆነ ሁሉ አንድ ቃል ነው ብለን ዘጋነው። የሰውና የቦታ ስም፣ ምሕጻረ ቃልም አይፈቀድም። እንደ «ኮምፒውተር»ና «ቴሌቪዥን» ያሉ በአማርኛ ጽሑፍ የተለመዱ የውጭ ቃላት ይፈቀዳሉ።

አንድ ቃል ሲጠረጠር የአቤቱታው ሥርዓት ምን ይሁን የሚለውን ስናስብ ብዙ የተማርነው በሰሌዳ ላይ ፊደላት እየተደረደሩ ቃል ከሚሠራበት ከስክራብል ጨዋታ ነው። የጨዋታውን መሠረት እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጣለው አሜሪካዊው አርክቴክት አልፍሬድ ሞሸር በትስ ሲሆን፣ በ1948 ጄምስ ብሩኖት ስክራብል በሚለው ስም ለገበያ አቀረበው። በጠረጴዛ ላይ በሚደረግ ውድድር ባላጋራው ካልተቃወመ በስተቀር ሐሰተኛ ቃል ነጥቡን ይዞ ይጸናል። ተቃውሞም ዋጋ አለው፤ በሰሜን አሜሪካ ውድድሮች በከንቱ የተቃወመ ሰው ተራውን ያጣል፤ በሌሎች ውድድሮች ደግሞ ለባላጋራው ጥቂት ነጥብ፣ ብዙ ጊዜ 5፣ ይጨመርለታል። በኮምፒውተር ሲጫወቱት ግን ማሽኑ የማያውቀውን ቃል ገና ከመነሻው አልቀበልም የሚልበት አሠራር የተለመደ ነው፤ ያን ጊዜ የመጠርጠርና የመድፈር ጥበብ ከጨዋታው ይወጣል። ሰሌዳው ያው፣ ፊደላቱም እነዚያው ሆነው፣ የተቃውሞ ደንቡ ብቻ ሲለወጥ ጨዋታው ራሱ ሌላ ይሆናል።

ከዚህ በመነሣት በቡድናችን ተቃዋሚ «እቃወማለሁ» የሚለውን አንድ ቃል ብቻ እንዲጽፍ፣ ይህንንም ተከታዩ ተጫዋች ከመጻፉ በፊት እንዲያደርግ ደንግገናል። ዳኛው ሰዓቱን ያቆማል፣ የተመረጠውን መዝገበ ቃላት ያያል፣ ይወስናል። ተቃውሞው ከንቱ ከሆነ ተቃዋሚው አንድ ዕድል ያጣል፤ አዲስ ተጫዋች ግን የመጀመሪያው ተቃውሞ በነጻ ይታለፍለታል። ይህ ደንብ ከመውጣቱ በፊት በየቃሉ መካከል ረጅም ሙግት ይገባ ስለነበር ሰዎች ጨዋታው ሳያልቅ ይበተኑ ነበር። አሁን ሰው ከመቃወሙ በፊት ያስባል።

«የተመረጠውን መዝገበ ቃላት» ያልሁት ሆን ብዬ ነው። ምሉዕ መዝገበ ቃላት እስኪገኝ የሚጠብቅ ቡድን ለዘላለም ሲከራከር ይኖራል። በእንግሊዝኛ ስክራብል እንኳ ሁለት የቃላት ዝርዝሮች አሉ፤ በሰሜን አሜሪካ የሚሠራበት ከ190,000 በላይ ቃላት ሲይዝ፣ በአብዛኛው የቀረው ዓለም የሚሠራበት ወደ 280,000 ይደርሳል፤ በአንዱ የሚጸድቅ ቃል በሌላው ይወድቃል። ተወዳዳሪዎች የሚስማሙት ከዝርዝሮቹ አንዱ ፍጹም ስለሆነ ሳይሆን ከውድድሩ በፊት የትኛው እንደሚገዛ ስለተነገራቸው ነው። በመዝገበ ቃላታችን የሌለ፣ ነገር ግን ሁሉም የሚያውቀው ቃል ሲመጣ፣ ለዚያ ዙር አይፈቀድም፤ ዙሩ ካለቀ በኋላ ተነጋግረን በተጨማሪ ዝርዝራችን ላይ እናሰፍረዋለን።

ከቅብብሉ ሌላ የተሰወረ ቃል የመፈለግ ጨዋታም አልፎ አልፎ እናካሂዳለን። ሥርዓቱ ጆሽ ዋርድል እ.ኤ.አ. በ2021 ለሕዝብ ካቀረበው ዎርድል ከተባለው ጨዋታ የተወሰደ ነው፤ አጫዋቹ ቃል ይሰውራል፣ በቦታው ለተገኘ ፊደል አረንጓዴ፣ ቦታውን ለሳተ ቢጫ፣ ለሌለ ግራጫ ምልክት ይሰጣል። እዚህ የሚነሣው ዋናው አለመግባባት የተደጋገሙ ፊደላትን ይመለከታል። የተሰወረው «ተመለሰ» ሆኖ ተጫዋቹ «ለመለመ» ብሎ ሲገምት፣ በሁለተኛው ቦታ ያለው «መ»ና በሦስተኛው ቦታ ያለው «ለ» አረንጓዴ፣ የመጀመሪያው «ለ»ና የመጨረሻው «መ» ግራጫ ይሆናሉ። ተጫዋቹም «‹ለ› አለ ወይስ የለም? አንድ ፊደል እንዴት ሁለት ቀለም ይኖረዋል?» ይላል። ምላሹ፣ በተሰወረው ቃል ያለው አንድ «ለ» ብቻ ስለሆነ አንዱ ቀለም አገኘ፣ ለሌላው የተረፈ የለም ነው። ይህንን ምሳሌ ከጨዋታው በፊት እንዳለ ለጥፎ ማሳየት ከማንኛውም ረጅም ማብራሪያ ይሻላል። በፊደላችን ተጨማሪ ጥያቄም አለ፤ የተሰወረው ቃል «ሱ» ኖሮት ተጫዋቹ «ሰ» ቢጽፍ ምን ይባላል? እኛ በአንድ ቤት ውስጥ መሆኑን የሚያሳይ ሰማያዊ ምልክት ጨምረናል።

በዎርድል ከባዱ ደረጃ ላይም ወዳጆች ሲካሰሱ አይቻለሁ። ደረጃው የሚያስገድደው የተገለጡትን አረንጓዴና ቢጫ ፊደላት በሚቀጥለው ግምት እንዲጠቀሙ ብቻ ነው፤ ግራጫ የሆነውን ፊደል ደግሞ መጻፍ አይከለክልም። ስለዚህ ግራጫ ፊደል የደገመ ሰው አጭበርብሯል መባል አይገባውም። የዝርዝር ለውጥም ያጋጫል፤ ኒውዮርክ ታይምስ የተባለው የአሜሪካ ጋዜጣ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ ጨዋታውን ከገዛ በኋላ አንዳንድ ቃላትን ከመልሶቹ ሲያወጣ፣ ገጻቸውን ያላደሱ ተጫዋቾች በአንዳንድ ቀናት ከሌሎች የተለየ መልስ አግኝተዋል። ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን የተለያየ መልስ ይዘው ሲጨቃጨቁ ሁለቱም እውነተኞች ሊሆኑ እንደሚችሉ አጫዋች ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ስለ ጊዜ ያለን ደንብ አጭር ነው። የኔትወርክ መዘግየት ለሁሉም እኩል ስላልሆነ፣ ቃሉ በጊዜው መድረሱ የሚለካው በቡድኑ ገጽ ላይ በሚታየው ሰዓት እንጂ በላኪው ስልክ ላይ በተጻፈበት ሰዓት አይደለም። ይህ አንዳንዴ ይጎዳል፤ ሆኖም ሁላችንም ልናየው የምንችለው ብቸኛው ሰዓት እርሱ ነው። ኔትወርኩ የሚቆራረጥበት ሰው በአንድ ዙር አንድ ጊዜ ተራው እንዲዘገይለት ቀድሞ መጠየቅ ይችላል። ከተላከ በኋላ የታረመ መልእክት ደግሞ፣ የታረመው የሆሄ ግድፈት ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ እንዳልተላከ ይቆጠራል፤ ምክንያቱም ከማረሙ በፊት ምን እንደ ነበረ ዘግይቶ የገባ ሰው ሊያይ አይችልም።

ውሳኔዎቻችንን ሁሉ በቡድኑ ራስ ላይ በተሰካ አንድ መልእክት እናኖራለን። እያንዳንዱ ውሳኔ ከነምሳሌ ቃሉና ከየትኛው ዙር ጀምሮ እንደሚሠራ ተጽፎ ይቀመጣል፤ የተከራካሪዎቹ ስም ግን አይገባም፤ ማንም ሰው የጠብ መታወሻ ሆኖ ሊቀር አይገባውምና። የሚዳኝ ሰው በዚያ ዙር አይጫወትም። ውሳኔ ሲያስነግርም ለታላቁ በአንቱታ፣ ለታናሹም በወንድምና በእኅት አነጋገር፣ ሁልጊዜ በሁሉም ፊት ያስነግራል። በውስጥ መስመር «እስኪ ይህችን እለፍልኝ» ተብሎ የመጣ ልመና ካለ፣ መልሱ ጥያቄውን በቡድኑ ውስጥ እንዲያቀርብ መጋበዝ ነው። በአሁኑ ጊዜ በዚያው መልእክት ግርጌ ያልተዘጋ አንድ ጉዳይ አለ፤ «ቈ»ና «ቆ»፣ «ጐ»ና «ጎ» እንደ ሞክሼ ይቆጠሩ ወይስ አይቆጠሩ የሚለው ሲሆን፣ አስተያየት ያለው ሁሉ ተራ በተራ እየጻፈበት ነው፤ እስኪወሰን ድረስም ሁለቱም ይፈቀዳሉ።